ጉልዬልሞ ማርኮኒና የአቃቂ ራዲዮ

እኔ የተወለድሁትም የምማረውም በአቃቂ ነው። አያቴ አንድ አሮጌ የአጭር ሞገድ ራዲዮ አላቸው። ባለፈው ክረምት የሩቅ አገር ጣቢያ ለመስማት ብሞክር ከፉጨትና ከጩኸት በቀር የሚለይ ድምፅ አልነበረም። ድምፁን ከፍ ባደረግሁ ቁጥር ጩኸቱም አብሮ ከፍ ይል ነበር። የፊዚክስ መምህራችን ይህን ሰምተው የማርኮኒን የሕይወት ታሪክ እንዳነብ መከሩኝ። ከታሪኩም ሁለት ነገር አገኘሁ። አንዱ ራዲዮኑን አሻሻለልኝ፤ ሁለተኛው ግን አሳዘነኝ። ሁለቱንም ላካፍላችሁ ይህን ጻፍሁ። ዘመኖቹ ዓ.ም. ካልተባለባቸው በቀር በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

ጉልዬልሞ ማርኮኒ በ1874 በኢጣልያ አገር በቦሎኛ ከተማ ተወለደ። አባቱ ባለ ርስት ኢጣልያዊ፣ እናቱ የአየርላንድ ተወላጅ ነበሩ። አብዛኛውን ትምህርቱን ያገኘው በቤቱ ከሚያስተምሩት መምህራን ነው። በ1894 ሄርትስ የተባለው የጀርመን ሊቅ በሞተ ጊዜ ማርኮኒ ስለ ሊቁ ሥራ የተጻፈውን አነበበ። ሄርትስ የኤሌክትሪክ ሞገድ ያለ ሽቦ እንደሚጓዝ በቤተ ሙከራው አሳይቶ ነበር። ወጣቱ ማርኮኒ ግን በዚህ ሞገድ መልእክት ለመላክ ቆርጦ ተነሣ።

በ1895 በአባቱ ርስት ላይ ሙከራውን ጀመረ። በመጀመሪያ ሞገዱ ብዙ አልራቀለትም። ከዚያ በኋላ የመሣሪያውን አንድ ጫፍ ከመሬት ጋር አገናኘ፤ ሌላውን ጫፍ በረጅም እንጨት ላይ ከፍ አድርጎ ሰቀለ። ሽቦው ከፍ ባለ ቁጥር መልእክቱም እየራቀ ሄደ። በመጨረሻም ኮረብታ ተሻግሮ ሁለት ኪሎ ሜትር ያህል ደረሰ፤ መድረሱም ከማዶ በጠመንጃ ተኩስ ተነገረው።

እኔም ይህን እንዳነበብሁ ከቤታችን ቆርቆሮ ከፍ አድርጌ አሥር ሜትር ያህል የመዳብ ሽቦ ዘረጋሁ። ሌላ ሽቦ ደግሞ በእርጥብ መሬት ከቀበርሁት ብረት ጋር አሰርሁ። ሽቦውን ከመብራት መስመር አራቅሁት፤ ነጎድጓድ ሲመጣም ከራዲዮኑ እነቅለዋለሁ። የስልክ መሙያውንና አንዳንዱን አምፑል ባጠፋሁ ጊዜ ጩኸቱ ይበልጥ ቀነሰ። በዚያ ምሽት አያቴና እኔ ጣቢያዎቹን አንድ በአንድ ለየናቸው።

ማርኮኒ በ1896 ወደ እንግሊዝ አገር ሄደ፤ በሚቀጥለውም ዓመት ኩባንያ አቋቋመ። በ1899 መልእክቱ በእንግሊዝና በፈረንሳይ መካከል ያለውን ባሕር ተሻገረ። በዲሴምበር 1901 በኒውፋውንድላንድ ሽቦውን በአየር ላይ በሚንሳፈፍ ካይት አስነሥቶ፣ ከእንግሊዝ ከፖልዱ ጣቢያ የተላኩትን ሦስት ነጥቦች መስማቱን አስታወቀ። ብዙዎች ተጠራጠሩት። በ1902 በመርከብ ላይ ሆኖ ባደረገው ሙከራ መልእክቱ ከቀን ይልቅ በሌሊት እጅግ እንደሚርቅ ተገነዘበ። በ1909 ከጀርመናዊው ከብራውን ጋር የኖቤልን ሽልማት ተቀበለ። በ1912 ታይታኒክ የተባለችው መርከብ ስትሰጥም ከ700 የሚበልጡ ሰዎች የዳኑት በራዲዮ የተላከውን የእርዳታ ጥሪ ሌላ መርከብ ሰምታ በመድረሷ ነው።

ይሁን እንጂ ታላቅ ሰውም ይሳሳታል። ማርኮኒ ሩቅ ለመድረስ ረጅም ሞገድና ብዙ ኃይል ያስፈልጋል ብሎ ለብዙ ዓመት ግዙፍ ጣቢያዎችን ሠራ። ከ200 ሜትር በታች ያለው አጭር ሞገድ ለሩቅ መንገድ አይጠቅምም ተብሎ ለአማተሮች፣ ማለትም ራዲዮን ለፍቅሩ ብቻ ለሚሠሩ ሰዎች ተተወ። እነርሱ ግን በ1923 በ100 ሜትር አካባቢ ከፈረንሳይ እስከ አሜሪካ ተነጋገሩ። በዚያው ዓመት ማርኮኒም ኤሌትራ በተባለችው መርከቡ ወደ ኬፕ ቨርዴ ተጉዞ ከፖልዱ በአነስተኛ ኃይል የተላከውን አጭር ሞገድ በደንብ ሰማ። ምክንያቱም አጭር ሞገድ ከምድር በላይ ከፍ ብሎ ካለው አዮኖስፌር ከተባለው የአየር ክፍል ተመልሶ በሩቅ ስለሚወርድ ነው። ማርኮኒ የቀድሞ ስሕተቱን በግልጽ አመነ። ከረዳቱ ከፍራንክሊን ጋርም ኃይሉን በየአቅጣጫው ከመበተን ወደ አንድ ወገን የሚልክ አንቴና አዘጋጀ፤ በዚህም ዘዴ በ1926 እንግሊዝና ካናዳ ተገናኙ። እንግዲህ መልእክቱ እንዲርቅለት የሚሻ ሰው ኃይል ከመጨመሩ በፊት አንቴናውን፣ የሞገዱን ርዝመትና ሰዓቱን ማስተካከል አለበት።

አሁን ወዳሳዘነኝ ነገር ልመለስ። በሰፈራችን በአቃቂ አንሳልዶ የተባለ የኢጣልያ ኩባንያ የራዲዮ ጣቢያ ሠርቶ ነበር። በመስከረም 1928 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥት ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ከዚህ ጣቢያ የአገራችንን አቤቱታ በአጭር ሞገድ ለዓለም አሰሙ። በዚያው ወር የፋሺስት ጦር መረብን ተሻገረ። ማርኮኒ ግን ከ1923 ጀምሮ የፋሺስት ፓርቲ አባል፣ ከ1930 ጀምሮ የኢጣልያ ንጉሣዊ አካዳሚ ፕሬዚዳንት ነበር፤ ወረራውንም ደገፈ። ጁላይ 20 ቀን 1937 በሮም ሲሞት የእንግሊዝ የራዲዮ ጣቢያዎች ለክብሩ ሁለት ደቂቃ ዝም አሉ። ያን ጊዜ በአዲስ አበባ የየካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. እልቂት ከተፈጸመ ገና አምስት ወሩ ነበር።

ይህን ለአያቴ ባነበብሁላቸው ጊዜ ሽቦውን እንዳወርደው የሚያዙኝ መስሎኝ ነበር። እርሳቸው ግን ጥቂት ዝም ብለው ቆዩና ራዲዮኑን ከፈቱት። እኔም አሰብሁበት። ማርኮኒ ወራሪውን ሲደግፍ፣ እርሱ ያስፋፋው አጭር ሞገድ የተወራሪውን አቤቱታ ከአቃቂ ተሸክሞ ሄደ። ሞገድ የላኪውን ዘር አይጠይቅም፤ ዕውቀትም የአንድ ሕዝብ ርስት አይደለም።

ስለዚህ ወንድሞቼና እኅቶቼ፤ ከማርኮኒ ትዕግሥቱንና ስሕተቱን ማመኑን እንማር፤ ለግፍ መቆሙን ግን አንከተል። ራዲዮ የምትወዱም መጀመሪያ በመስማት ጀምሩ፤ ለማስተላለፍ ሕጋዊ ፈቃድ ያስፈልጋልና እርሱን ሳትይዙ አትሞክሩ። የምትናገሩበትም ቀን ሲደርስ የምትናገሩት ነገር እውነት ይሁን።