አሌክሳንደር ግራሃም ቤል፦ ድምፅን በሽቦ ያስኬደው መምህር

ከአገሩና ከወገኑ ርቆ ለሚኖር ተማሪ ስልክ ምን ማለት እንደሆነ መንገር ለቀባሪ ማርዳት ይሆናል። ይሁንና በየቀኑ የምንገለገልበት ይህ መሣሪያ እንዴት እንደሚሠራ፣ በማንስ ጥረት እንደተገኘ ጠይቀን የምናውቅ ብዙዎች አይደለንም። ስለዚህም በዚህ ጽሑፍ ከስልክ ጋር ስሙ አብሮ የሚነሳውን የአሌክሳንደር ግራሃም ቤልን የሕይወት ታሪክ ባጭሩ ለአንባቢያን እናቀርባለን። ዓላማችን ሰውየውን ለማወደስ ብቻ አይደለም፤ አንድ ፈጠራ የማን ነው፣ ጥቅሙስ ለማን ደረሰ የሚለውን ጥያቄ አብረን እንድንመረምር ጭምር ነው።

በቅድሚያ ስለ ስሙ ጥቂት እንበል። ቴሌፎን የሚለው ቃል ከግሪክኛ የተወሰደ ሲሆን፣ ቴሌ ሩቅ፣ ፎኔ ደግሞ ድምፅ ማለት ነው። እኛ ስልክ የምንለው በዚህ አካባቢ ዘወትር ከምንሰማው ከዐረብኛ የመጣ ነው፤ ትርጉሙም ሽቦ ማለት ነው። ዐረቦች ራሳቸው ግን መሣሪያውን ሃቲፍ ብለው ይጠሩታል፤ ይኸውም አካሉ ሳይታይ ድምፁ ብቻ የሚሰማ ጠሪ እንደ ማለት ነው። ግሪኩ ርቀቱን፣ ዐረቡ ምሥጢሩን ሲይዝ እኛ ሽቦውን ያዝን፤ ዛሬ ሽቦ በሌለው የእጅ ስልክ ስንነጋገር እንኳ ስሙ አልለቀቀንም።

ቤል የተወለደው እ.ኤ.አ. ማርች 3 ቀን 1847 በስኮትላንድ፣ ኤዲንበርግ ከተማ ነው። አያቱም አባቱም የንግግር ጥበብ መምህራን ነበሩ። በተለይም አባቱ አሌክሳንደር ሜልቪል ቤል ሰው ድምፅ ሲያወጣ ምላሱ፣ ከንፈሩና ጉሮሮው እንዴት እንደሚንቀሳቀሱ በምልክት የሚያሳይ ልዩ የአጻጻፍ ዘዴ ያወጣ ሰው ነው። እናቱ ኤሊዛ ግን ቀስ በቀስ የመስማት ችሎታዋን አጣች። ልጁም ከግንባሯ አጠገብ አፉን አስጠግቶ በዝግታ ሲናገር የድምፁ ንዝረት እንደሚደርሳት ተገነዘበ። ድምፅ የሚነካና የሚንቀሳቀስ ነገር መሆኑን የተማረው ከመጻሕፍት አስቀድሞ ከእናቱ ነው ማለት ይቻላል።

ሁለቱ ወንድሞቹ በሳንባ ነቀርሳ፣ አንዱ በ1867፣ ሌላው በ1870 ሞቱ። ወላጆቹ የቀራቸውን አንድ ልጅ ለማትረፍ በዚያው በ1870 አገራቸውን ለቀው ወደ ካናዳ ተሰደዱ፤ ኦንታሪዮ ውስጥ ብራንትፎርድ አጠገብም ተቀመጡ። ቤል በሚቀጥለው ዓመት ወደ ቦስተን ሄዶ መስማት የተሳናቸውን ልጆች ማስተማር ጀመረ። በ1873 የቦስተን ዩኒቨርሲቲ የንግግር መምህር አድርጎ ሾመው። ቀን እያስተማረ ሌሊት ምርምር ያካሂድ ነበር። ለምርምሩ የሚያስፈልገውን ገንዘብ የሰጡት የሁለት ተማሪዎቹ አባቶች፣ ቶማስ ሳንደርስና ጋርዲነር ሃባርድ ናቸው። የሃባርድ ልጅ ሜበል በሕፃንነቷ በበሽታ ምክንያት መስማት የተሳናት ስትሆን፣ ኋላ የቤል ባለቤት ሆናለች።

በዚያን ጊዜ ርቀትን ያሸነፈው ቴሌግራፍ ነበር። ቴሌግራፍ ግን የኤሌክትሪክን ጅረት መቁረጥና መቀጠል ብቻ ነው የሚያውቀው፤ በዚህ ዘዴ ፊደል እንጂ የሰው ድምፅ አይተላለፍም። ድምፅ የአየር ሞገድ ነው፤ ይጠነክራል፣ ይላላል፣ ይፈጥናል፣ ይዘገያል። የቤል ዋና ሐሳብም ጅረቱ ሳይቋረጥ ልክ እንደ ድምፁ ሞገድ ከፍና ዝቅ እንዲል ማድረግ ነበር። በ1874 የሞተ ሰው ጆሮ ከሐኪም ተቀብሎ ስሱ የጆሮ ታምቡር ከእሱ የሚከብዱትን አጥንቶች እንዴት እንደሚያንቀሳቅስ አጠና። ታምቡር አጥንትን ካንቀሳቀሰ፣ ስስ ሽፋን ብረትን ለምን አያንቀሳቅስም ሲል ገመተ።

ቤል ግን የኤሌክትሪክ ዕውቀቱ አነስተኛ፣ እጁም ለመሣሪያ ሥራ ያልተፍታታ ነበር። ይህን ጉድለት የሞላለት ቶማስ ዋትሰን የተባለ ወጣት ባለ እጅ ሰው ነው። ጁን 2 ቀን 1875 ዋትሰን የተጣበቀች የብረት ቅጠል ለማስለቀቅ ሲነካት፣ በሌላው ክፍል የነበረው ቤል የድምፁን ቃና ለይቶ ሰማ። ከዘጠኝ ወር በኋላ፣ ማርች 10 ቀን 1876፣ ቤል በመሣሪያው ዋትሰንን ወደ እሱ እንዲመጣ ጠራው፤ ዋትሰንም ቃሉን አንድ በአንድ ሰምቶ መጣ። በዚያው ዓመት በፊላደልፊያ ኤግዚቢሽን የብራዚሉ ንጉሠ ነገሥት ዳግማዊ ፔድሮና የእንግሊዙ ሊቅ ዊልያም ቶምሰን መሣሪያውን በጆሯቸው አረጋገጡ።

አሠራሩ በአጭሩ እንዲህ ነው። ተናጋሪው ሲናገር የአየሩ ሞገድ ስስ ሽፋንን ያንቀጠቅጣል። ሽፋኑ በማግኔትና በተጠመጠመ ሽቦ አማካይነት፣ ወይም ቆየት ብሎ እንደተሻሻለው የከሰል ቅንጣቶችን በማጥበቅና በማላላት፣ ጅረቱን ከፍና ዝቅ ያደርገዋል። በሌላው ጫፍ ይህ ጅረት ማግኔቱን አንዴ ያበረታዋል፣ አንዴ ያደክመዋል፤ ማግኔቱም ሌላ ስስ ብረት አንቀጥቅጦ አየሩን መልሶ ድምፅ ያደርገዋል። ስለዚህ በሽቦው ውስጥ የሚሄደው ድምፁ ራሱ ሳይሆን የድምፁ አምሳል ነው። ልዩነቱን ለመረዳት አንድ ምሳሌ እንውሰድ። በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን፣ ሥራው እ.ኤ.አ. በ1894 የተጀመረው የሐረርና የአዲስ አበባ የስልክ መስመር ርዝመት 477 ኪሎ ሜትር ነበር። ድምፅ በአየር ውስጥ በሰከንድ ወደ 340 ሜትር ስለሚጓዝ፣ ይህን መንገድ በአየር መጨረስ ቢችል እንኳ 23 ደቂቃ ያህል በፈጀበት ነበር። በሽቦ ግን የዓይን ጥቅሻ ያህል እንኳ አይፈጅም።

ወደ ባለቤትነቱ ጥያቄ እንመለስ። የቤል የፈጠራ መብት ማመልከቻ የገባው ፌብሩዋሪ 14 ቀን 1876 ሲሆን፣ ኤላይሻ ግሬይ የተባለ አሜሪካዊም ስለ ተመሳሳይ መሣሪያ በዚያው ዕለት ለዚያው መሥሪያ ቤት አስታውቋል። ከዚያ በፊትም ፊሊፕ ራይስ የተባለ ጀርመናዊ በ1861 ድምፅ የሚያስተላልፍ መሣሪያ በፍራንክፈርት አሳይቷል። ኢጣሊያዊው ስደተኛ አንቶኒዮ ሜውቺ ደግሞ በ1871 ስለ ፈጠራው ማስታወቂያ አስመዝግቦ፣ ከ1874 በኋላ ሳያሳድሰው ስለቀረ ጊዜው አለፈበት፤ በ1889 በድህነት ሞተ። ቤልና ኩባንያው በመቶ የሚቆጠሩ ክሶች ገጥመዋቸው፣ በ1888 የአሜሪካ ከፍተኛው ፍርድ ቤት በአንድ ድምፅ ብልጫ፣ አራት ለሦስት፣ ፈረደላቸው። በ2002 የአሜሪካ የሕዝብ እንደራሴዎች ምክር ቤት የሜውቺን ሥራ የሚያከብር ውሳኔ ሲያሳልፍ፣ የካናዳ ፓርላማ በቀናት ውስጥ የቤልን ፈጣሪነት አጽንቷል። ከዚህ የምንረዳው ብዙ ሰዎች በየፊናቸው ወደ አንድ ግብ ሲጓዙ እንደነበር ነው። ቤል የተለየው ሐሳቡን በግልጽ አስቀምጦ በሥራ በማሳየቱና፣ ሕግና ገንዘብ የሚያውቁ ሰዎች ከጎኑ በመቆማቸው ነው። ሜውቺ እንዲህ ያለ ደጋፊ አልነበረውም።

በ1877 የተቋቋመው የቤል ኩባንያ እያደገ ሄዶ የአሜሪካን ስልክ ከሞላ ጎደል ብቻውን የሚይዝ ግዙፍ ድርጅት ወለደ፤ ድርጅቱ በመንግሥት ክስ ምክንያት የተከፋፈለው በ1984 ነው። ቤል ራሱ ግን ከንግዱ ቀደም ብሎ ወጥቷል። በሠርጉ ሰሞን ከአሥሩ በቀር የነበሩትን አክሲዮኖች በሙሉ ለሜበል ሰጥቶ ወደ ምርምሩ ተመለሰ። በ1880 ድምፅን በብርሃን ጨረር አስተላለፈ፤ ዛሬ ድምፃችን በመስታወት ክር ውስጥ በብርሃን ሲሄድ ያ ሐሳብ ፍሬ ማፍራቱን እናያለን። ዓይነ ስውርና መስማት የተሳናት ሄለን ኬለር አስተማሪ እንድታገኝ መንገዱን ያመለከተውም እሱ ነው።

ይህ ሁሉ ሆኖ በታሪኩ ውስጥ ሊሸፈን የማይገባው ጥቁር ነጥብ አለ። ቤል መስማት የተሳናቸው ሰዎች በአፍ መናገርን እንጂ በምልክት ቋንቋ መማርን መከተል የለባቸውም የሚል ጽኑ አቋም ነበረው። በ1883 ባቀረበው ጽሑፍም እርስ በርሳቸው መጋባታቸውን እንደ አደጋ ቆጥሮ ተቃወመ። ይህ አመለካከት ባየለባቸው ትምህርት ቤቶች ብዙ ልጆች እጃቸውን እንዳያነጋግሩ ተከልክለው፣ ዕውቀት በሚገባቸው ቋንቋ ሳይደርሳቸው ቀርቷል። ስለ ድምፅ ያስተማሩት እናቱ፣ ባለቤቱና ተማሪዎቹ ነበሩ፤ ድምፁ ዓለምን ሲያዳርስ ግን እነሱን ለመሰሉት የራሳቸውን ቋንቋ ነፈጋቸው። ክፉ ሰው ስለነበር አይደለም፤ የሚበጃቸውን ከእነሱ በላይ አውቃለሁ ብሎ ስላመነ ነው።

ቤል ኦገስት 2 ቀን 1922 በካናዳ፣ ኖቫ ስኮሺያ ውስጥ አረፈ። ሲቀበር የሰሜን አሜሪካ ስልኮች ለአንድ ደቂቃ ዝም ተሰኙ።

ነገ ተመርቀን ወደ ሥራ የምንሰማራ ተማሪዎች ከዚህ ሕይወት ሁለት ነገር እንያዝ። አንደኛው፣ መምህሩ፣ ባለ እጁ፣ ሐኪሙና ገንዘብ ሰጪው ባይገናኙ ኖሮ ስልክ በዚያ ጊዜ ባልተገኘ ነበር፤ ዕውቀት በየክፍሉ ተዘግቶ ሲቀመጥ ይመክናል። ሁለተኛው፣ ሕዝብን እናገለግላለን የምንል ሁሉ ከመናገራችን በፊት መስማት ይገባናል። ስልክም ቢሆን ያለ ማዳመጫው ጎደሎ ነው።