ዐፄ ዘርአ ያዕቆብ፦ ሥርዓትና ፍርሃት

ዐፄ ዘርአ ያዕቆብን በታሪክ ትምህርት የምናውቀው በጦርነትና በሃይማኖት ነው። እ.ኤ.አ. በ1445 የአዳሉን በድላይ ድል አደረገ፤ በ1450 ደብረ ምጥማቅ ላይ ጉባኤ ጠርቶ የቅዳሜና የእሁድን ሰንበት ክርክር ቋጨ፤ መጽሐፈ ብርሃንም በሱ ስም ይታወቃል። እኔ ግን በዚች አጭር ጽሑፍ ላነሳ የፈለግሁት ሰውየው ቀንና ሌሊቱን እንዴት ያሳልፍ እንደነበርና ያ አኗኗር ምን እንዳስከፈለው ነው።

የዐፄ ዳዊት ልጅ ሲሆን የተወለደው በ1399 አካባቢ ፈጠጋር ውስጥ ነው። ያደገው ከቤተ መንግሥት ርቆ ነው፤ ለንግሥና የወጣውም የነገሥታት ልጆች ከሚታሰሩበት ከአምባ ግሸን ነበር። በ1434 ሲነግሥ ዕድሜው ወደ 35 ገደማ ነው። እንግዲህ ከዙፋን በፊት የሚያውቀው ሕይወት ጸሎት፣ ትምህርትና መታሰር ነበር ማለት ነው።

በ1450ዎቹ አጋማሽ በሰማይ ላይ ብርሃን ታየና ያንን ቦታ ደብረ ብርሃን ብሎ ከተመበት። ካለፉት ነገሥታት በተለየ ድንኳን ነቅሎ መዞሩን ትቶ የመጨረሻዎቹን ዓመታት አብዛኛውን እዚያው ኖረ። የግቢው ውሎ በጣም ይገርማል። ካህናቱ ሌሊትና ቀን ሳያቋርጡ ዳዊት ይደግማሉ፣ በግቢው ውስጥ ጠበል ይረጫሉ። ምክንያቱም ንጉሡ ድግምተኞች ይተናኮሉኛል ብሎ ይሰጋ ነበር። ወደሱ መግባት የሚችሉት ጥቂት ብላቴኖችና አቃቤ ሰዓቱ አምኃ ጽዮን ብቻ ነበሩ። አቃቤ ሰዓት ማለት እኮ የሰዓት ጠባቂ ማለት ነው! ለፈተና ሰሞን ግድግዳ ላይ ፕሮግራም ለምንለጥፍ ለኛ ንጉሥ ሆኖ በሰዓት ጠባቂ መኖር ያስቀናል፤ ግን የሚያስቀናው እስከዚህ ድረስ ብቻ ነው።

ለራሱ ያወጣው ሥርዓት ቀስ በቀስ የሁሉም ሰው ሥርዓት ሆነ። በዓመት 33 የእመቤታችን በዓላት እንዲከበሩ አዘዘ። ሰው ሁሉ በግንባሩ ላይ የሥላሴን ስም፣ በእጆቹ ላይ ደግሞ ሰይጣንን መካዱንና የማርያም አገልጋይ መሆኑን እንዲጽፍ ተደነገገ። ለመስቀልና ለማርያም አንሰግድም ያሉት ደቂቀ እስጢፋኖስ ክፉኛ ተቀጡ። ጸሎቱ ሲጨምር ስጋቱ መቀነስ ነበረበት፤ የሆነው ግን ተቃራኒው ነው። ጣዖት አመለኩ የሚል ክስ ሲመጣ የገዛ ወንዶችና ሴቶች ልጆቹን ሳይቀር አስገረፈ፤ ከመካከላቸውም ሞቱ። በ1462 ደግሞ ለልጇ ለበእደ ማርያም ዙፋን ታሴራለች ብሎ ባለቤቱን ጽዮን ሞገሳን አስደበደባት፤ በዚያው ሞተች። ልጁ ለእናቱ በማዘኑ እሱም ተገረፈ። በኋላ ግን ታረቁና አልጋ ወራሽ አደረገው።

ለዚህ ሁሉ የዘመኑን የሥነ ልቡና ስም ልስጠው አልልም። ከ550 ዓመት በላይ ያለፈውን ሰው ማን ይመረምራል? ደግሞም በዚያ ዘመን ድግምት መፍራት የሱ ብቻ አልነበረም። የሱ ልዩነት ፍርሃቱን ለማስታገስ ቀኑን፣ ሌሊቱን፣ ግቢውንና አገሩን በሥርዓት ማጠሩ ነው፤ አጥሩ በከፍታ ቁጥር ከውስጥ ያለው ሁሉ ተጠርጣሪ ሆነ።

በ1468 እዚያው ደብረ ብርሃን ሞተ። አስከሬኑ ዛሬ ጣና ላይ በዳጋ እስጢፋኖስ ገዳም ይገኛል። በእደ ማርያም ነግሦ በመጀመሪያ ካደረጋቸው ነገሮች አንዱ በአባቱ ጊዜ የታሰሩትን መፍታት ነው።

ከግቢው ሰዎች አንዷ ንግሥት እሌኒ ናት። ከኛ ከመስቃን ብዙም ከማይርቀው ከሀድያ የመጣች የገራድ መሐመድ ልጅ ነበረች። ያንን የጠበልና የድግምት ፍርሃት ዘመን አልፋ፣ ከባሏ በኋላ አምስት ነገሥታትን አየች፤ ለዐፄ ልብነ ድንግል ሞግዚት ሆና አገር አስተዳደረች፣ ወደ ፖርቱጋልም መልእክተኛ ላከች።