የእርሻ ተማሪው ሠዓሊ

በሰሜን አዲስ አበባ ጉለሌ፣ ጳውሎስ ሆስፒታል አካባቢ የሚገኘው ጄኔራል ዊንጌት ትምህርት ቤት ብዙ ስመ ጥር ሰዎችን አፍርቷል። ከእነዚህ አንዱ ሠዓሊና ባለቅኔ ገብረ ክርስቶስ ደስታ ነው። ከዊንጌት ወጥቶ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ ሲገባ ግን ሊያጠና የመረጠው ሥዕልን ሳይሆን ግብርናን ነበር።

የተወለደው እ.ኤ.አ. በ1932 ሐረር ውስጥ ነው። አባቱ አለቃ ደስታ የቤተ ክህነት ሊቅና የብራና መጻሕፍት ሠዓሊ ስለነበሩ ቀለም ከልጅነቱ አብሮት አድጓል። የግብርና ትምህርቱን ሳይጨርስ የተወውም ለሥዕል ሲል ነው። ሥዕል እንጀራ ይሆናል ብሎ የሚያምን ሰው ጥቂት በነበረበት በዚያ ዘመን፣ ውሳኔው ቀላል አልነበረም።

እ.ኤ.አ. በ1957 ወደ ጀርመን ሀገር ሄዶ በኮሎኝ ከተማ ሥዕል ተማረ። ተመልሶም በአዲስ አበባ ሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት አስተማረ። ሥዕሎቹ ግን ብዙዎችን ግራ አጋቡ። ተራራን እንደ ተራራ፣ ዛፍን እንደ ዛፍ ከመሣል ይልቅ ቅርጹን ትቶ ቀለሙን የሚያስቀርባቸው ሥራዎች ነበሩት፤ የፈረንጅ አሣሣል ነው ተብሎም ተነቅፏል። ነቀፌታው ተገቢ አይመስልም። ገበሬ ጉብታ ላይ ቆሞ ማሳውን ሲያይ ቅጠል አይቆጥርም፤ ቢጫው ከየት እንደጀመረ፣ አረንጓዴው የት ላይ እንደቀረ ነው የሚያየው። የገብረ ክርስቶስን ሸራ ለማየትም ከዚህ የተለየ ዓይን አያስፈልግም። እ.ኤ.አ. በ1965 የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴን ሽልማት አገኘ።

የሀገሩን ተፈጥሮ በሥዕል ብቻ አልተወውም። “ሀገሬ” በተሰኘው ግጥሙ ልምላሜዋን፣ ነፋሷንና ፀሐይዋን እያነሳ ናፍቆቱን ገልጿል። ዛሬም ከሥዕሎቹ ይልቅ በዚህ ግጥም የሚያውቁት ይበዛሉ።

በደርግ ዘመን ከሀገር ተሰደደ። በጀርመን በኩል አሜሪካ ገብቶ ኦክላሆማ ውስጥ ሲኖር መጋቢት 1973 ዓ.ም አረፈ። ያን ያህል የናፈቃትን ምድር ዳግም አላያትም። በጀርመን ሀገር ተቀምጠው የቆዩ ሥዕሎቹ ግን ከብዙ ዓመታት በኋላ ተመልሰዋል። ለስብሰባም ሆነ ለጉዳይ አዲስ አበባ የሚዘልቅ ሰው፣ ስድስት ኪሎ አካባቢ በስሙ በተሰየመው ሙዚየም ሊያያቸው ይችላል።