የጣና ዳሯ መንደርና ንጉሠ ነገሥቱ

ዛሬ የዐማራ ክልል ርእሰ ከተማ የሆነችው ባሕር ዳር ከአንድ መቶ ዓመት በፊት በቅዱስ ጊዮርጊስ ደብር ዙሪያ የተሰባሰበች መንደር ነበረች። ካህናቱ በደብሩ አካባቢ፣ ገበሬው በእርሻው፣ የወይጦ ማኅበረሰብ ደግሞ በሐይቁ ዳር ዓሣ እያጠመደና ከደንገል ታንኳ እየሠራ ይኖርባት ነበር። ይህች መንደር ከተማ እንድትሆን ከማንኛውም መሪ ይልቅ ያሰቡላት ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ናቸው። የሕይወት ታሪካቸው ዘወትር ከሐረርና ከአዲስ አበባ ጋር ተያይዞ የሚነገር ቢሆንም፣ ከጣና ዳርቻ ጋር የነበራቸው ጉዳይ ከወጣትነታቸው ጀምሮ እስከ ዘመነ መንግሥታቸው ፍጻሜ የዘለቀ ነው።

ተፈሪ መኰንን ሐምሌ 16 ቀን 1884 ዓ.ም. በሐረርጌ፣ ኤጀርሳ ጎሮ ተወለዱ። በ1909 ዓ.ም. አልጋ ወራሽና ባለሙሉ ሥልጣን እንደራሴ ሲሆኑ የጣና ውኃ የመንግሥታት መከራከሪያ ሆኖ ቆያቸው። ዳግማዊ ምኒልክ በ1894 ዓ.ም. ከእንግሊዝ ጋር በተዋዋሉት መሠረት፣ ያለ እንግሊዝ ስምምነት የዐባይንና የጣናን ውኃ የሚያቆም ሥራ አይሠራም ነበር። በ1918 ዓ.ም. እንግሊዝና ኢጣልያ ኢትዮጵያን ሳያማክሩ ስለ ጣና ግድብና ስለ ባቡር መንገድ ተስማሙ፤ ራስ ተፈሪም ጉዳዩን ለመንግሥታት ማኅበር አቤት አሉ። ከዚያም በ1920 ዓ.ም. ሐኪም ወርቅነህ እሸቴን ወደ አሜሪካ ልከው ጄ. ጂ. ዋይት ከተባለው የምህንድስና ኩባንያ ጋር ስለ ግድቡ እንዲነጋገሩ አደረጉ። መሐንዲሶች ቦታውን አጥንተው ነበር፤ ግን ሥራው ሳይጀመር የኢጣልያ ወረራ ደረሰ።

የኢጣልያ ጦር ባሕር ዳርን በሚያዝያ 1928 ዓ.ም. ያዘ። ወራሪው የአውሮፕላን ማረፊያ አበጀ፣ በሞተር ጀልባም መንደሯን ከጎርጎራ ጋር አገናኘ፤ ቦታዋ ለመጓጓዣና ለአስተዳደር የሚመች መሆኑም ያን ጊዜ በገሃድ ታየ። ንጉሠ ነገሥቱ ከስደት ሲመለሱ ጥር 12 ቀን 1933 ዓ.ም. በኦሜድላ ገብተው ጎጃምን አቋርጠው ነው አዲስ አበባ የደረሱት። ሆኖም ከጎጃም ጋር የነበራቸው ግንኙነት ሻካራ ነበር። ራስ ኃይሉ በ1924 ዓ.ም. ከሥልጣን ተሽረዋል፤ አርበኛው በላይ ዘለቀም በ1937 ዓ.ም. በስቅላት ተቀጥቷል።

ይህ ሁሉ ቢሆንም የ1950ዎቹ ታላላቅ ሥራዎች ወደ ጣና ዳር መጡ። ከኢጣልያ በተገኘው የጦር ካሣ የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ተተከለ። በ1955 ዓ.ም. በሶቪየት ኅብረት እርዳታ የፖሊቴክኒክ ተቋም ተከፈተ። በ1956 ዓ.ም. ከከተማዋ 30 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ የሚገኘው የጢስ ዐባይ ፏፏቴ ኤሌክትሪክ ማመንጨት ጀመረ። በጀርመናዊው ፕሮፌሰር ማክስ ጉተር መሪነትም የከተማ ፕላን ተነደፈ። ፋብሪካ ያለ ኃይል፣ ኃይል ያለ ባለሙያ፣ ባለሙያም ያለ መኖሪያ እንደማይሆን ታስቦ አንዱ ሥራ ለሌላው ድጋፍ እንዲሆን መደረጉ፣ በዚያ ዘመን እምብዛም ያልታየ አሠራር ነው። ንጉሠ ነገሥቱ ዐባይን ቁልቁል በሚያሳየው በቤዛዊት ኮረብታ ላይ ቤተ መንግሥት አሠሩ፤ መናገሻውን ወደ ባሕር ዳር ለማዛወር ማሰባቸውም በሰፊው ይወሳል።

ነገር ግን ፕላኑ መንገድና ፋብሪካ ሲመድብ፣ ቀድሞ በዳርቻው ለነበረው ሰው የመደበው ጥቂት ነበር። ወይጦዎች ከተማዋ በሰፋች ቁጥር ኑሯቸው ከተመሠረተበት ከሐይቁ ዳር እየተገፉ ሄዱ። የጎጃም ገበሬም በ1960 ዓ.ም. አዲሱን የእርሻ ገቢ ግብር በመቃወም መሣሪያ አነሣ፤ ንጉሠ ነገሥቱም በመጨረሻ ጠቅላይ ገዥውን ከቦታው አንሥተው ውዝፉን ግብር ለመማር ተገደዱ። ከተማን በፕላን ማቆም ይቻላል፤ የባላገሩን ልብ ግን ፋብሪካ ብቻውን አይመልሰውም።

ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ መስከረም 2 ቀን 1967 ዓ.ም. ከዙፋናቸው ወረዱ፤ በዚያው ዓመት ነሐሴ 21 ቀን በእስር እንዳሉ ሞቱ። አፅማቸው በ1993 ዓ.ም. በመንበረ ጸባኦት ቅድስት ሥላሴ ካቴድራል በክብር ዐረፈ።

ከሥራቸው ብዙው ከእርሳቸው በኋላ ቀጠለ። የፖሊቴክኒኩ ተቋም በ1992 ዓ.ም. ለተመረቀው የባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ አንዱ መሠረት ሆነ። በወጣትነታቸው የተመኙት ውኃውን ከሐይቁ መውጫ ላይ የመቈጣጠር ሐሳብ በ1980ዎቹ መጨረሻ በጨረጨራ ግድብ ተፈጸመ። መናገሻዋ ግን ከአዲስ አበባ አልተነሣችም። ዘንባባ የተተከለባቸውን ሰፋፊ ጎዳናዎች ዛሬ የሚመለከት ባለሙያ የፕላኑን አርቆ አሳቢነት ያደንቃል፤ ወደ ሐይቁ ወርዶ የደንገል ታንኳ ሠሪዎቹን ሲያገኝ ደግሞ ፕላኑ ማንን እንደዘነጋ ያያል። ቀጣዩን ፕላን የሚነድፍ ሰው ሁለቱንም ማየት ይገባዋል።