አቡነ ኢየሱስ ሞዓ፤ የተቀበሉትን ያስረከቡ መምህር

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።

በዚህ እትም የአንድ ታላቅ አባት ታሪክ ባጭሩ ላቀርብላችሁ አስቤአለሁ። ከወልድያ ተነሥቶ በስሪንቃ፣ በመርሳ፣ በውርጌሳና በውጫሌ አድርጎ ወደ ደሴ የሚወርድ መንገደኛ ሁሉ፣ ደሴ ሳይገባ የሐይቅን ከተማ ያገኛል። ከከተማዋ በስተምሥራቅ ካለው ውኃ ውስጥ ገባ ብሎ የሐይቅ እስጢፋኖስ ገዳም ይገኛል። በዚህ መንገድ ደጋግመን ያለፍን ብዙዎች ነን፤ ስለ ገዳሙ ጠይቀን የምናውቅ ግን ጥቂቶች ነን።

እኔም ከማያውቁት አንዱ ነበርኩ። ባለፈው ዓመት በሕፃናት ክፍል ሳስተምር፣ አንዲት ትንሽ ልጅ ከእናቷ ጋር ደሴ ደርሳ መመለሷን ነገረችኝና በሐይቁ ገዳም ማን ይኖር እንደ ነበር ጠየቀችኝ። የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ነኝ የምል እኔ፣ ገዳሙ ጥንታዊ መሆኑን ብቻ ነግሬ ትምህርቱን ወደ ሌላ ነገር አዞርኩት። ልጅቱ ዝም አለች። ማታ ቤቴ ገብቼ ነገሩን ሳስበው አፈርኩ። ያፈርኩት አለማወቄ ብቻ አይደለም፤ ያንን ጥያቄ ሌላ ማንም ላይመልስላት እንደሚችል ስለ ገባኝ ነው። ከዚያ ወዲህ ያነበብኩትንና ከአባቶች የሰማሁትን ከዚህ ቀጥሎ ጽፌላችኋለሁ። የጥንቱ ዘመን ቁጥር እንደ አውሮጳውያን አቈጣጠር መሆኑን ልብ በሉልኝ።

አቡነ ኢየሱስ ሞዓ የተወለዱት በ13ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ ላይ ዳህና በተባለ አገር ነው። በዚያ ዘመን ነገሥታቱ የዛጉዌ ሥርወ መንግሥት ነገሥታት ነበሩ፤ የላሊበላም አብያተ ክርስቲያናት በዚሁ ሥርወ መንግሥት ዘመን የተፈለፈሉ ናቸው። እንግዲህ ሕንፃው አልጠፋም፤ ካህኑም አልጠፋም። የጐደለው ሌላ ነበር። በመካከለኛው ኢትዮጵያ የሚኖር ሰው የምንኩስናን ሥርዐትና የመጻሕፍትን ትምህርት በጥልቀት ለማግኘት ቢፈልግ፣ አገሩን ትቶ ወደ ሰሜን ወደ ትግራይ ገዳማት መጓዝ ነበረበት። ጕዞው ረጅም ነው፤ አቅሙም ጊዜውም ያለው ጥቂት ሰው ነው።

አቡነ ኢየሱስ ሞዓም ይህንኑ መንገድ ሄደዋል። ሠላሳ ዓመት ገደማ ሲሆናቸው ወደ ደብረ ዳሞ ተጓዙ። ደብረ ዳሞ በ6ኛው መቶ ዓመት በአቡነ አረጋዊ የተመሠረተ ሲሆን፣ እስከ ዛሬ በገመድ እየተሳቡ የሚወጡበት አምባ ነው። በዚያም በአባ ዮሐኒ እግር ሥር ተቀምጠው ለሰባት ዓመት ያህል ተማሩ፤ መነኰሱም። መጻሕፍትን በመገልበጥ ሥራም ይተጉ እንደ ነበር ይነገራል። የብራና መጽሐፍ መገልበጥ እንዴት ያለ ድካም እንደ ሆነ አስቡት። ቆዳው ይፋቃል፣ ቀለሙ ይበጠበጣል፣ መቃው ይቀረጻል፤ ከዚያ በኋላ ነው ፊደል በፊደል የሚጻፈው። አንድ መጽሐፍ ወራትን ይፈጃል።

ትምህርታቸውን ከፈጸሙ በኋላ እዚያው ደብረ ዳሞ ቢቀሩ ማንም አይወቅሳቸውም ነበር። እሳቸው ግን በ1248 ወደ ሐይቅ መጡ። ሐይቅ እስጢፋኖስ በዚያን ጊዜም አዲስ ቦታ አልነበረም። በትውፊት እንደሚነገረው ቤተ ክርስቲያኑ ከዚያ በፊት በ9ኛው መቶ ዓመት ገደማ የተሠራ ነው። ካህናትም ያገለግሉበት ነበር፤ የተደራጀ ገዳምና ትምህርት ቤት ግን አልነበረበትም። ከዚህ ላይ ቆም ብለን እናስብ። ቅዳሴው አለ፣ ጽላቱ አለ፣ በዓሉ ይከበራል፤ ነገር ግን ተተኪ የሚያፈራ መምህር የለም። እንዲህ ያለ ቤተ ክርስቲያን ለጊዜው ምንም የጐደለው አይመስልም። ጕድለቱ የሚታወቀው ሽማግሌዎቹ ሲያልፉ ነው።

አቡነ ኢየሱስ ሞዓ በሐይቅ ሌላ ሕንፃ ለመሥራት አልተጣደፉም። መነኰሳትን ሰበሰቡ፣ ሥርዐት ሠሩ፣ ማስተማርም ጀመሩ። እስከ ዕረፍታቸው ድረስ ዐርባ አምስት ዓመት ያህል በዚያች ደሴት ተቀመጡ። ዕውቀት ፍለጋ ወደ ሩቅ አገር ይኬድ የነበረው ቀርቶ ዕውቀት ራሱ ወደ ሰው አጠገብ መጣ። ከሸዋ፣ ከአምሐራና ከሌላውም አገር ተማሪዎች ይጎርፉ ጀመር።

ከእነዚህም ተማሪዎች መካከል በዐዋቂ ዕድሜያቸው ከሸዋ የመጡት አቡነ ተክለ ሃይማኖት አንዱ ናቸው። በሐይቅ ዘጠኝ ወይም ዐሥር ዓመት ያህል ከተቀመጡ በኋላ ወደ ደብረ ዳሞ ዘልቀው ከአባ ዮሐኒም ተቀብለዋል። በኋላም ወደ ሸዋ ተመልሰው ደብረ አስቦን መሠረቱ፤ ይህም ዛሬ ደብረ ሊባኖስ የምንለው ገዳም ነው። በጣና ሐይቅ የዳጋ እስጢፋኖስን ገዳም ያቀኑት አባ ኂሩተ አምላክም የአቡነ ኢየሱስ ሞዓ ደቀ መዝሙር እንደ ነበሩ ይነገራል። ከሐይቅ የወጡት ልጆች እንዲህ በያሉበት ሌላ ልጅ አፈሩ። መምህሩ አጠገባቸው ሊያስቀሯቸው አልፈለጉም፤ አስተምረው ሰደዱአቸው።

በ1270 የነገሡት ዐፄ ይኵኖ አምላክም በሐይቅ እንደ ተማሩ በትውፊት ይነገራል። የገዳሙ አለቃም ዓቃቤ ሰዓት በሚል ማዕረግ በቤተ መንግሥት ትልቅ ስፍራ ነበረው። ስለዚህ ጉዳይ በገድላት መካከል የአነጋገር ልዩነት ስላለ እዚህ አላስረዝመውም። ለእኛ የሚጠቅመን ሌላው ነገር ነው።

መነኵሴ ሚስት አያገባም፣ ልጅ አይወልድም። ይሁን እንጂ አባቶቻችን የመነኰሳትን የትውልድ ሐረግ ጽፈው አቆይተውልናል። ሐረጉ ከግብጹ ከአባ እንጦንስ ይነሣል፤ በአቡነ አረጋዊ በኩል ወርዶ አባ ዮሐኒ ጋ ይደርሳል፤ ከአባ ዮሐኒ አቡነ ኢየሱስ ሞዓ፣ ከአቡነ ኢየሱስ ሞዓም አቡነ ተክለ ሃይማኖት እያለ ይቀጥላል። እዚህ አባትነት የሚቈጠረው በማስተማር ነው፤ ልጅነትም በመማር። እኔን ይህ ነገር ብዙ አሳሰበኝ። በሐረጉ ውስጥ ከነበሩት አንዱ ብቻ የተቀበለውን ሳያስረክብ ቢቀር ኖሮ፣ ከእርሱ በታች ያለው ሁሉ ባልተጻፈ ነበር።

ሌላው ያስረከቡት ነገር መጽሐፍ ነው። ጻድቁ ለገዳሙ የሰጡት ወንጌል በ1280 ወይም በ1281 የተጻፈ ሲሆን እስከ ዘመናችን ደርሷል። የራሳቸው ሥዕል ያለበት ይህ ወንጌል፣ ዘመናቸው ከሚታወቁት ሥዕል ያላቸው የግዕዝ መጻሕፍት ጥንታውያን ከሆኑት አንዱ ነው። ጻድቁ ያረፉት በ1293 ገደማ ሲሆን፣ በዓላቸው ኅዳር 26 ቀን ይከበራል።

በ16ኛው መቶ ዓመት በግራኝ አሕመድ ጦርነት ጊዜ ደሴቲቱ ተዘርፋለች። ወርቁና ብሩ ሄደ። ትምህርቱ ግን ከዚያ በፊት በደቀ መዛሙርቱ ልብ ተጭኖ ወደ ብዙ አገር ወጥቶ ስለ ነበር ሊዘረፍ አልቻለም።

ይህን ስጽፍ የራሳችን ነገር ትዝ ይለኛል። በ2013 ዓ.ም. ክረምት ጦርነቱ ወልድያንና ሀብሩን ሲይዝ፣ እስከ 2014 ዓ.ም. ታኅሣሥ ድረስ ትምህርት ቤቶች ተዘግተው፣ ሰውም በየአቅጣጫው ተሰድዶ እንደ ነበር ታስታውሳላችሁ። ስንመለስ ግድግዳው ቆሞ አገኘነው። ከሕፃናት ክፍል አስተማሪዎቻችን ግን በዚያው በየሄዱበት የቀሩ ነበሩ። መዝሙር ያጠኑ የነበሩ ልጆች መዝሙሩን ረሱ፤ ፊደል ሊቈጥሩ ይገባቸው የነበሩ ሳይቈጥሩ አደጉ። እኛም ትልልቆቹ ስለ ጣራው ጥገና ብዙ ስብሰባ ተቀመጥን፤ ስለ ልጆቹ የተቀመጥነው ጥቂት ነው። ይህን የምለው ሌላውን ለመውቀስ አይደለም። እኔ ራሴ የሕፃናት ክፍል እንዳስተምር ስለመን፣ ፈተና አለብኝ እያልኩ ሁለት ጊዜ እንቢ ብዬ ነበር።

ወንድሞቼና እኅቶቼ ሆይ! የአቡነ ኢየሱስ ሞዓን ቅድስና ላንደርስበት እንችላለን። የሠሩትን ሥራ በትንሹ መሥራት ግን አያቅተንም። አንድ ወጣት አንድ ልጅ ይያዝ። በሳምንት አንድ ሰዓት ፊደል ያስቈጥረው፣ አቡነ ዘበሰማያት ያስጠናው፣ የአካባቢውን ገዳምና ደብር ታሪክ ይንገረው። ከእስላም ጎረቤቶቻችን ጋር አብረን የምንኖር ስለሆንን፣ የራሱን ሲያውቅ የጎረቤቱን እንዳይንቅ አድርጎ ያስተምረው። ጥያቄ ሲጠየቅም እንደ እኔ አይሽሽ፤ የማያውቀውን ጠይቆ ይመልስ።

ያችን ልጅ ከጥቂት ሳምንት በኋላ ጠርቼ ከላይ የጻፍኩትን ታሪክ በሚገባት መንገድ ነገርኳት። አዳምጣ ስትጨርስ ለታናሽ ወንድሟ እንደምትነግረው ነገረችኝ። እኔም ሐረጉ በእኔ በኩል ሳይበጠስ አንድ እርምጃ ወደ ታች በመውረዱ አምላኬን አመሰገንኩ።

የጻድቁ አባታችን ጸሎትና በረከት ከሁላችን ጋር ይሁን። ወስብሐት ለእግዚአብሔር።