ሴና፤ ዝናብ ያሳደገው ሻምፒዮን

እ.ኤ.አ ጁላይ 17 ቀን 1994 በአሜሪካ ፓሳዴና፣ ሮዝ ቦውል ስታዲየም የተካሄደውን የዓለም ዋንጫ ፍፃሜ የኳስ አፍቃሪ አይረሳውም። ብራዚልና ጣሊያን 120 ደቂቃ ሙሉ ተፋልመው አንድም ኳስ መረብ አልነካም። በመለያ ምቱ ሮቤርቶ ባጆ ኳሷን ወደ ሰማይ ሰደዳትና ብራዚል 3 ለ 2 አሸንፋ ከ24 ዓመት ጥበቃ በኋላ 4ኛ ዋንጫዋን ወሰደች። ታዲያ የነሮማሪዮና የነዱንጋ ቡድን ሜዳ ላይ ሲጨፍር አንድ ትልቅ ጨርቅ ዘርግቶ ነበር። ጨርቁ ላይ የሰፈረው ስም የፔሌ አይደለም፣ የጋሪንቻም አይደለም። ኳስ ተጫዋች ያልነበረ፣ ከዚያ ቀን 11 ሳምንት በፊት የሞተ ሰው ስም ነው። አይርተን ሴና!

ለመሆኑ የዓለም ዋንጫ የተሰጠው ይህ ሰው ማን ነበር? በቁጥር ከተባለ የ3 ጊዜ የፎርሙላ ዋን ሻምፒዮን ነው። 41 ውድድር አሸንፏል፣ 65 ጊዜ ደግሞ ከሁሉም ፊት ሆኖ ውድድር ጀምሯል። እነዚህን ቁጥሮች ሹማከርና ሃሚልተን ከብዙ ጊዜ በፊት አልፈዋቸዋል። የሴና ስም ግን ዝናብ በጣለ ቁጥር እንደገና ይነሳል። ብዙ ሰው ነገሩ የድፍረት ይመስለዋል። ድፍረቱስ ነበረው። ሆኖም ደፋር ሆነው በዝናብ ግድግዳ የገጩ ስንት አሉ! ሴናን የለየው አስፋልቱ ምን እንደሚፈልግ፣ ጎማው ደግሞ ምን እንደሚችል ማወቁ ነበር።

ሽንፈት ያስተማረው ልጅ

አይርተን ሴና ዳ ሲልቫ እ.ኤ.አ ማርች 21 ቀን 1960 በሳኦ ፓውሎ ተወለደ። ቤተሰቡ ሀብታም ነበር። 4 ዓመት ሲሆነው አባቱ የሳር ማጨጃ ሞተር ገጥሞ ትንሽ የውድድር መኪና ሠራለት። ካርት የሚባለው ማለት ነው። በ13 ዓመቱም በይፋ መወዳደር ጀመረ።

በእነዚያ የመጀመሪያ ዓመታት በዝናብ በተካሄደ አንድ ውድድር ጉድ ሆነ። በደረቁ የሚበልጣቸው ልጆች ሁሉ እየጣሉት አለፉ። ሌላ ልጅ ቢሆን ዝናቡን ረግሞ ይቀመጥ ነበር። ሴና ግን ከዚያ ወዲያ ሰማዩ ሲጠቁር ሰው ወደ ቤት ሲሮጥ እሱ ካርቱን ይዞ ወደ ሜዳ ይወጣ ጀመር። የት ቦታ ውሃ እንደሚተኛ፣ ጎማው ከመንሸራተቱ በፊት ምን ምልክት እንደሚሰጥ፣ ነዳጁን ምን ያህል ቀስ አድርጎ መርገጥ እንደሚያስፈልግ ብቻውን እየተንሸራተተ ተማረ። በኋላ ዓለም ተሰጥኦ ያለው ነገር ግማሹ የዚህ ልምምድ ውጤት ነው።

ልሙጥ ወይስ ባለ ቦይ?

ነገሩ እንዲህ ነው። የውድድር መኪና ሺህ ጊዜ ጉልበት ቢኖረው መሬት የሚነካው በአራት ጎማ ብቻ ነው። መንገዱ ደረቅ ሲሆን የሚመረጠው ስሊክ የሚባለው ልሙጥ ጎማ ነው። ምንም ቦይ ስለሌለው ላስቲኩ በሙሉ አስፋልት ላይ ያርፋል፣ ሲሞቅ ደግሞ እንደ ማስቲካ ይጣበቃል።

ዝናብ ሲመጣ ያው ጎማ ጠላት ይሆናል። ውሃው የሚወጣበት ቦይ ስለሌለ በጎማውና በአስፋልቱ መሃል ይገባና መኪናውን ወደ ላይ ያነሳዋል። ያኔ መሪ ቢያዞሩ፣ ፍሬን ቢይዙ ዋጋ የለውም። የዝናብ ጎማ ግን ውሃውን በቦዮቹ እየገፋ ያወጣል። ፒሬሊ ባወጣው መረጃ መሠረት የፎርሙላ ዋን ሙሉ የዝናብ ጎማ በሰዓት 300 ኪሎ ሜትር ሲበር በሰከንድ 85 ሊትር ውሃ ይገፋል፤ ኢንተርሚዲየት የሚባለው መካከለኛው ጎማ ደግሞ 30 ሊትር።

ታዲያ የዝናብ ጎማ ለምን ሁልጊዜ አይገጠምም? ላስቲኩ ለስላሳ ስለሆነ መንገዱ ሲደርቅ ይግላል፣ ይቦጨቃል፣ በጥቂት ዙር ያልቃል። ለከተማ መኪና የሚሠራው ጎማ ሁለቱንም እንዲችል ስለሚፈለግ ቦይም አለው፣ ጠንከር ያለ ላስቲክም አለው። ቦዩ ሲያልቅ በበጋ ደህና የሚይዝ ይመስላል፤ ክረምት ሲገባ ግን ጉዱ ይወጣል። በአውሮፓ የቦዩ ጥልቀት ከ1.6 ሚሊ ሜትር ካነሰ መንዳት ክልክል የሆነው ለዚህ ነው። በፎርሙላ ዋን ግን ሁለቱንም እኩል የሚችል ጎማ የለም። መምረጥ ግድ ነው። ግማሹ መንገድ ደርቆ ግማሹ ሲረጥብ ደግሞ ምርጫው ቁማር ይሆናል።

ሞናኮና ግማሽ ነጥቧ

ሴና በ1983 የእንግሊዝን ፎርሙላ ስሪ ሻምፒዮንነት ከወሰደ በኋላ በ1984 ቶሌማን በሚባል ትንሽ ቡድን ፎርሙላ ዋን ገባ። በዚያው ዓመት ኢሞላ ላይ ቡድኑ ከጎማ አቅራቢው ፒሬሊ ጋር ተጣልቶ የዓርቡን የማጣሪያ ሙከራ ሳያደርግ ቀረ። ቅዳሜ ደግሞ መኪናው ተበላሸ። ሴና ለውድድሩ ማለፍ አቃተው። በፎርሙላ ዋን ሕይወቱ ሳያልፍ የቀረው ያን ጊዜ ብቻ ነው። ኢሞላ የሚለውን ስም አንባቢ ይያዘው።

ቡድኑ ወደ ሚሽሊን ጎማ ዞረ። ጁን 3 ቀን ሞናኮ ላይ ሰማዩ ተቀደደ። ሴና ከ13ኛ ቦታ ነው የጀመረው። ማንሴል መሪ ሆኖ ሳለ ተንሸራቶ ወጣ፤ ታላቁ ኒኪ ላውዳም በሴና ከታለፈ በኋላ ተሽከርክሮ ቀረ። አዲሱ ልጅ ግን በዚያች ደካማ መኪና እየሰነጠቀ 2ኛ ደረሰ። ፊቱ የቀረው አላን ፕሮስት ብቻ ነው። ከ30 ሰከንድ በላይ የነበረው ልዩነት በየዙሩ እየተበላ ሲሄድ ከ77ቱ ዙር 31ዱ እንዳለቀ በዝናቡ ምክንያት ውድድሩ ቆመ። ድሉ ለፕሮስት፣ 2ኛነቱ ለሴና ሆነ።

አስገራሚው ነገር ግን ከዚያ በኋላ የመጣው ነው። ውድድሩ ስላላለቀ የተሰጠው ግማሽ ነጥብ ነበር። ፕሮስት በ9 ፈንታ 4.5 ነጥብ አገኘ። በዓመቱ መጨረሻ ዋንጫውን በላውዳ የተነጠቀው በስንት ነጥብ መሰላችሁ? በግማሽ! ውድድሩ አልቆ ሴና እንኳ ቢቀድመው 2ኛ ወጥቶ 6 ነጥብ ያገኝ ነበር፤ ሻምፒዮንም ይሆን ነበር።

የመጀመሪያው ድል

በ1985 ሴና ወደ ሎተስ ተዛወረ። ኤፕሪል 21 ቀን ፖርቱጋል፣ ኢስቶሪል ላይ ያው የሚወደው ዝናብ ወረደ። ፕሮስት ቀጥ ባለው መንገድ ላይ፣ ኩርባ በሌለበት፣ የተኛ ውሃ ውስጥ ገብቶ ተሽከረከረና ወጣ። ውሃ ጎማን ሲያነሳ እንዲህ ነው፤ ሻምፒዮን ነህ አይልም። ሴና ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው መርቶ ገባ። 2ኛ የወጣው አልቦሬቶ ከ1 ደቂቃ በላይ ዘግይቶ መጣ። የቀሩት በሙሉ ቢያንስ አንድ ዙር ተደርበዋል! እሱም ቢሆን አንድ ጊዜ በአራቱም ጎማ ሳር ላይ ወጥቶ ነበር፤ መኪናው ወደ መንገዱ የተመለሰው በችሎታ ሳይሆን በዕድል እንደሆነ ራሱ ሳይደብቅ ተናግሯል።

ከዚያ ማክላረን፣ ከዚያ ዋንጫዎቹ መጡ። በ1988 ጃፓን፣ ሱዙካ ላይ ሲነሳ ሞተሩ ጠፋበትና 14ኛ ሆነ። በመሃል ካፊያ ሲጀምርና አስፋልቱ ሲያንሸራትት በልሙጡ ጎማ እንደያዘ አንድ በአንድ እያለፈ ፕሮስትንም ቀድሞ የመጀመሪያ ሻምፒዮንነቱን አረጋገጠ። በ1990 እና በ1991ም ደገመው።

ዶኒንግተን

ኤፕሪል 11 ቀን 1993፣ እንግሊዝ፣ ዶኒንግተን። የዚያ ዓመት ንጉሥ ዊሊያምስ ነው። ፕሮስትና ዴሞን ሂል የያዙት መኪና ከሴና ማክላረን በጉልበት ይበልጣል። በደረቅ መንገድ ማንም ለሴና አይወራረድም ነበር።

መንገዱ ግን እርጥብ ነበር። ከ4ኛ ተነስቶ ወዲያው 5ኛ ሆነ። ከዚያ ሹማከርን፣ ቬንድሊንገርን፣ ሂልን፣ በመጨረሻም ፕሮስትን አለፈ። ይህ ሁሉ የሆነው በስንት ዙር ነው? በአንድ! የመጀመሪያው ዙር ሲያልቅ መሪው ሴና ነበር። እስከ ዛሬ ስለ ፎርሙላ ዋን ምርጥ የመጀመሪያ ዙር ሲወራ መጀመሪያ የሚጠቀሰው ይሄኛው ነው።

ድሉ ግን በዚያ ዙር ብቻ አልመጣም። ዝናቡ ይመጣል፣ ይሄዳል፣ ደግሞ ይመለሳል። ሁሉም ጎማ ለመቀየር ይገባል፣ ይወጣል። ፕሮስት 7 ጊዜ ገባ! የዝናብ ጎማ ገጥሞ ሲወጣ መንገዱ ይደርቅበታል፤ ልሙጡን ሲገጥም ደግሞ ይዘንብበታል። በአንዱ ላይ ጭራሽ ሞተሩ ጠፋበት። ሴናም ቢሆን ከችግር አላመለጠም፤ አንዱ ጎማው አልፈታ ብሎ ብዙ ሰከንድ አቃጥሏል። ልዩነቱ ካፊያ ሲጀምር ዊሊያምሶች ደንግጠው ለዝናብ ጎማ ሲሮጡ እሱ በልሙጡ ጎማ መንገዱ ላይ መቆየቱ ነው። ካፊያው እንደሚያልፍ ገመተ፣ እስኪያልፍ ድረስም መኪናውን መንገድ ላይ ማቆየት እንደሚችል ያውቅ ነበር። አለፈለትም። ከሱ ጋር በአንድ ዙር ላይ የጨረሰው ሂል ብቻ ነው፤ እሱም ከ1 ደቂቃ ከ20 ሰከንድ በላይ ዘግይቶ። 3ኛ የወጣው ፕሮስት አንድ ዙር ተደርቦ ነበር።

እዚህ ላይ ማንም ሊረዳው አይችልም ነበር። ቡድኑ በሬዲዮ ሊያማክረው ይችላል፤ ነገር ግን የመንገዱ እርጥበት በመሪውና በወንበሩ በኩል የሚሰማው ለነጂው ብቻ ነው። በሰባት ዓመትም በሰባ ዓመትም ቢሆን ይህን ማንም ከወረቀት አያነበውም። ሴና የተማረው ሳኦ ፓውሎ ውስጥ ሰው ሁሉ ወደ ቤቱ ሲገባ ነው።

ፀሐያማው ቀን

በ1994 የተመኘውን ዊሊያምስ አገኘ። ግን ደንቡ ተቀይሮ የመኪናው ኤሌክትሮኒክስ ተከልክሏል፤ መኪናውም ለመያዝ አስቸጋሪ ሆኗል። በሦስት ውድድሮች ሦስቱንም ከፊት ጀመረ፣ አንድ ነጥብ ግን አላገኘም። ሦስተኛው ውድድር የት ነበር? ኢሞላ።

ቅዳሜ ኤፕሪል 30 ቀን ኦስትሪያዊው ሮላንድ ራትዘንበርገር በማጣሪያው ሞተ። ሴና ክፉኛ ተረበሸ። እሁድ ሜይ 1 ቀን ካሸነፈ ለሟቹ መታሰቢያ የሚያውለበልበውን የኦስትሪያ ባንዲራ ይዞ መኪናው ውስጥ ገባ። ዝናብ የለም። ፀሐይ ነው። አስፋልቱ ደረቅ ነው።

ገና ሲጀመር ከኋላ ግጭት ስለተፈጠረ መኪናዎቹ እስከ 5ኛው ዙር መጨረሻ ድረስ በደህንነት መኪና ኋላ ቀስ ብለው እንዲነዱ ተደረገ። ጎማ ደግሞ ካልተሮጠበት ይቀዘቅዛል፤ ሲቀዘቅዝ የውስጡ አየር ግፊት ይወርዳል፣ መኪናውም ወደ መሬት ዝቅ ይላል። በ7ኛው ዙር ታምቡሬሎ በሚባለው ኩርባ የሴና መኪና ቀጥ ብሎ ከመንገድ ወጥቶ ግድግዳውን መታ። የቀኝ የፊት ጎማው ከነማንጠልጠያ ብረቱ ተገንጥሎ ወደ ኋላ ተወርውሮ ጭንቅላቱን መታው። በዚያው ዕለት ቦሎኛ ሆስፒታል ውስጥ አረፈ። 34 ዓመቱ ነበር።

ምክንያቱ ለዓመታት አከራክሯል። ግማሹ የቀዘቀዘውን ጎማና መሬት የነካውን መኪና ጠቀሰ። የጣሊያን ፍርድ ቤት ግን በ2007 በመጨረሻ የተሰበረውን የመሪ ዘንግ ምክንያት አድርጎ ደመደመ። አለመግባባቱ ዛሬም አላለቀም። የማያከራክረው ግን ከዚያ ቀን በኋላ የመጣው ለውጥ ነው። ኩርባው ተቀየረ፣ የመኪኖቹ ደህንነት ተጠናከረ፣ በኋላ ዓመታትም ጎማዎቹ በአደጋ ጊዜ እንዳይወረወሩ በጠንካራ ገመድ ከመኪናው አካል ጋር እንዲታሰሩ ተደረገ።

ብራዚል የ3 ቀን ብሔራዊ ሐዘን አወጀች። የሳኦ ፓውሎ ሕዝብ መንገድ ሞልቶ ሸኘው። ሬሳውን ከተሸከሙት አንዱ ለዓመታት ሲተናነቀው የኖረው ፕሮስት ነበር። በዚያው ዓመት እህቱ ቪቪያን በስሙ ለብራዚል ልጆች ትምህርት የሚሠራ ተቋም መሠረተች።

ከዚያ ጁላይ ደረሰና ያ ጨርቅ ፓሳዴና ላይ ተዘረጋ። ልጅ ሆኖ በዝናብ የተሸነፈው ሰው ዝናቡን ጓደኛው አድርጎ ዓለምን አሸነፈበት። የሞተው ግን አንዲት ጠብታ ባልወረደችበት ቀን ነው። ዛሬም ውድድር ሊጀመር ሲል ካፊያ ከጣለና መካኒኮች የትኛውን ጎማ እንግጠም ብለው ሰማይ ሰማይ ሲያዩ ከየአፉ የሚወጣው ያው ስም ነው። ሴና።