ባሮን ላሬ፦ ሕክምናን ወደ ቁስለኛው ያቀረበ ሐኪም

የድንገተኛ ሕክምና ተማሪ በቅድሚያ ከሚማራቸው ነገሮች አንዱ፣ አደጋ በደረሰ ጊዜ የሰው አካል ክፍሎች ሁሉ እኩል እንደማይታገሡ ነው። የአየር ቧንቧው የተዘጋበት ሰው በጥቂት ደቂቃዎች ውስጥ ይሞታል፤ ከትልቅ የደም ሥር ደሙ የሚፈስስበትም እንዲሁ፤ የእጁ አጥንት የተሰበረበት ግን ብዙውን ጊዜ ሰዓታት ሊቆይ ይችላል። የእርዳታው ቅደም ተከተል የሚመነጨውም ከዚሁ ነው። ይህ ትምህርት ተሟልቶ ከመደራጀቱ ከረጅም ዘመን በፊት፣ የጊዜ መባከን ራሱ ገዳይ መሆኑን ተረድተው በሥራ ካሳዩት ሐኪሞች መካከል ስመ ጥሩው ፈረንሳዊው ዶሚኒክ ዣን ላሬ ነው።

ላሬ የተወለደው በፒሬኔ ተራሮች አካባቢ በምትገኘው በቦዴያን መንደር፣ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1766 ዓ.ም. ነው፤ ከዚህ በታች የሚጠቀሱት ዓመታትም በዚሁ አቆጣጠር ናቸው። አባቱ በልጅነቱ ስለ ሞተ በቱሉዝ ከተማ የቀዶ ጥገና ሐኪም የነበረው አጎቱ አሳደገው፤ ሙያውንም አስተማረው። ከዚያም በፓሪስ ኦቴል ዲዩ ሆስፒታል በታዋቂው ሐኪም በዴሶ ሥር ትምህርቱን ካዳበረ በኋላ በ1792 ወደ ራይን ጦር ዘመተ።

በዚያን ጊዜ በነበረው ደንብ የሕክምናው ክፍል ከውጊያው መስመር ከአራት ኪሎ ሜትር ያላነሰ ርቆ ይሰፍር ነበር። ቁስለኛውም ውጊያው እስኪያበቃ ድረስ በወደቀበት ይቆያል፤ ብዙው ሐኪም ሳያይ ያልፋል። ላሬ ግን በፈረስ የሚሳበው መድፍ ከቦታ ወደ ቦታ በፍጥነት ሲዛወር ተመልክቶ፣ ለመድፍ የተቻለው ለሕክምና የማይቻልበት ምክንያት እንደሌለ ተገነዘበ። በዚህም መነሻ «በራሪ አምቡላንስ» የተባለውን ክፍል አቋቋመ። ባለ ሁለት እግር ቀላል ሠረገላው ሁለት ቁስለኞችን አስተኝቶ የሚወስድ ሲሆን፣ መንገጫገጩ እንዳያሠቃያቸው በሞላ ላይ የተንጠለጠለ ነበር። በ1797 በኢጣልያ ያደራጀው ክፍል 340 ሰዎች ነበሩት። ላሬ የለወጠው ግን ሠረገላውን ብቻ አልነበረም። ቁስለኞች የሚታከሙት እንደ ጉዳታቸው ክብደት እንጂ እንደ ማዕረጋቸው ወይም እንደ አገራቸው እንዳይሆን ደነገገ፤ ራሱም ደንቡን አከበረ።

በግብፅ ዘመቻ ላይ ደረቱ የተወጋ አንድ ወታደር ወደ ሆስፒታል መጣለት። አየሩ በቁስሉ በኩል ወደ ውስጥ እየገባ ሰውየው ሊታፈን ተቃርቦ ነበር። ላሬ የቁስሉን አፍ ገጥሞ በዘጋው ጊዜ ትንፋሹ ወዲያው ቀለለለት፤ ወታደሩም ዳነ። የዛሬ ባለሙያ እንዲህ ያለውን ቁስል ሲሸፍን አየር በውስጥ ታምቆ ሳንባውንና ልቡን እንዳይጫን በጥንቃቄ ይከታተላል፤ ይሁንና የመሠረቱ ሐሳብ ያው ነው።

ስሕተትም አልታጣበትም። በ1807 በኤይላው ጦርነት፣ ብርድ ያደነዘዛቸው ወታደሮች ወደ እሳት ሲጠጉ አካላቸው እንደሚበሰብስ አስተዋለ፤ ማስተዋሉ ትክክል ነበር። ለመድኃኒትነት ያዘዘው ግን በበረዶ ማሸትን ነበር። ምክሩ በስሙ ታላቅነት ተደግፎ ከመቶ ዓመት በላይ ሲሠራበት ኖረ። ዛሬ ማሸት ሥጋውን ይበልጥ እንደሚጎዳው፣ የሚበጀውም ለብ ባለ ውኃ ማሞቅ እንደሆነ ታውቋል። እንግዲህ የታላቅ ሐኪም ቃልም ቢሆን ዘወትር መመርመር ይኖርበታል።

የላሬ ሙያዊ ድፍረት ከሁሉ ይልቅ የተፈተነው በ1813 ነው። ከሉትዘንና ከባውትዘን ውጊያዎች በኋላ ከሁለት ሺህ በላይ ወጣት ወታደሮች እጃቸውን ቆስለው ተገኙ። ከውጊያ ለማምለጥ ሲሉ ራሳቸውን አቁስለዋል ተብለው ተከሰሱ፤ ናፖሊዮንም ክሱን አምኖ ነበር። የሚጠብቃቸው ብርቱ ቅጣት ነው። ላሬ ግን ቁስል ሳይመረመር ፍርድ አይሰጥም በሚለው አቋሙ ጸና። የምርመራው ጉባኤ መሪ ሆኖ ቁስለኞቹን አንድ በአንድ ካየ በኋላ በአንዳቸውም ላይ በደል አለመገኘቱን መሰከረ። በቂ ሥልጠና ያላገኙት ምልምሎች በሦስት ረድፍ ቆመው ሲተኩሱ፣ የኋለኞቹ የፊተኞቹን እጅ ይመቱ ነበር። ንጉሠ ነገሥቱ ውጤቱ ካሰበው ውጭ ቢሆንም ምስክሩን ተቀበለ፤ ላሬንም ሸለመው።

በ1815 በዋተርሎ ላሬ ቆስሎ በፕሩሲያ ወታደሮች እጅ ወደቀ። ሊረሸን ጥቂት ሲቀረው አንድ የፕሩሲያ ሐኪም ለይቶ አወቀው፤ ቀድሞ በበርሊን ትምህርቱን የተከታተለ ሰው ነበረና። ወደ ማርሻል ብሉኸር ቀርቦም ነፃ ተለቀቀ፤ የማርሻሉ ልጅ ቀደም ሲል ቆስሎ በተማረከ ጊዜ ያዳነው ላሬ ነበር።

ላሬ በስተርጅናም ከሥራ አልራቀም። በ1842 በአልጄሪያ የሚገኙትን የጦር ሆስፒታሎች መርምሮ ሲመለስ በሊዮን ከተማ አረፈ። ከእርሱ በኋላ መሣሪያው፣ መድኃኒቱና መጓጓዣው ሁሉ ተለውጧል። ሐኪሙ ፈጥኖ መድረስ እንዳለበትና ከሁሉ አስቀድሞ ሊያይ የሚገባው ቁስሉን እንደሆነ ግን አልተለወጠም።